በጥድፊያ የተፈረደበት አልበም፦ የሬዲዮሄድ «ኪድ ኤ»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ክፍል ስለ አንድ አልበም ብቻ ነው። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሬዲዮሄድ በ2000 ያወጣው «ኪድ ኤ»። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። አልበሙን ሰምታችሁ የማታውቁ ካላችሁም አትሂዱ፤ እንዴት ቢደመጥ እንደሚሻል ኋላ እመጣበታለሁ።

በሦስት ቁጥር ልጀምር። «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት የምንጊዜም 500 ምርጥ አልበሞች የሚላቸውን አልፎ አልፎ ይደረድራል። በ2003 «ኪድ ኤ» 428ኛ ነበር። በ2012 67ኛ ሆነ። በ2020 ደግሞ 20ኛ። በእነዚህ ዓመታት አልበሙ ላይ አንድም ነገር አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። እርግጥ የ2020ው ዝርዝር ድምፅ እንደ አዲስ የተሰበሰበ ነው፣ መራጮቹም ሌሎች ናቸው፤ ስለዚህ ዕድገቱን በሙሉ ለሙዚቃው መስጠት ተገቢ አይደለም። ግን ከ400 ደረጃ በላይ የዘለለን አልበም «መራጩ ስለተቀየረ ነው» ብሎ ማለፍም ይከብደኛል። እኔ የማምነው ሌላ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሃያስያን ጆሮ አልጎደላቸውም፣ ጊዜ ነው የጎደላቸው። የወደዱትንም ጨምሮ ነው የምለው።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1997 «ኦኬ ኮምፒውተር» ወጥቶ ሬዲዮሄድን የዓለም ትልቁ የጊታር ባንድ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም ነበር። ሁሉም ሰው የጠበቀው የዚያኑ ሁለተኛ ክፍል ነው። ድምፃዊው ቶም ዮርክ ግን ከጊታር ተጣልቷል፤ የሚያዳምጠው ኤፌክስ ትዊንንና ኦተከርን፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። በ1999 መጀመሪያ ፓሪስ ገቡ፤ አልሆነም። ወደ ኮፐንሃገን ሄዱ። ከዚያ ይዘው የወጡት እያንዳንዱ 15 ደቂቃ የሚይዝ 50 ያህል የቴፕ ጥቅል ነው። አስሉት፤ ከ12 ሰዓት በላይ ቅጂ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድም ያለቀ ዘፈን አልነበረም። ሁላችንም የምንስማማበት አልበም ካልወጣ ባንዱን እንበትናለን እስከ መባባል ደርሰው ነበር።

ከዚህ ያወጣቸው አንዱ ነገር የፕሮዲዩሰሩ የናይጀል ጎድሪች ዘዴ ይመስለኛል። ባንዱን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ቡድን ጊታርም ከበሮም ሳይነካ ድምፅ ይፈጥራል፤ ሌላው ያንን ድምፅ ተቀብሎ ወደ ዘፈን ያሳድገዋል። የለመዱትን መሣሪያ ሲነጠቁ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ፊት ለፊት ያለውን ሁሉ መሣሪያ ያደርጋሉ። በ2000 ሚያዝያ ከ20 በላይ ዘፈን ተጠናቆ ነበር።

«ኢዲዮቴክ» የሚለው ዘፈን እንዴት እንደተሠራ ቀረብ ብለን እንይ፤ አልበሙን የሚያስረዳልኝ እሱ ነው። የባንዱ ጊታሪስት ጆኒ ግሪንዉድ የከበሮውን ምት በሞጁላር ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ክፍሎቹ በሽቦ እየተገናኙ ድምፅ በሚፈጥር የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ይሠራል። ብቻውን ሲሰማው የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ስለዚህ ያገኘውን ድምፅ ሁሉ እየደረበበት 50 ደቂቃ ያህል ቀድቶ ለቶም ዮርክ ሰጠው። ዮርክ ሲያዳምጠው አብዛኛው የማይረባ ነው፤ መሐል ላይ ግን 40 ሰከንድ የምትሆን ቦታ አገኘ። ዘፈኑ በሙሉ የተገነባው ከዚያች 40 ሰከንድ ነው።

እዚያች ውስጥ አራት ኮርዶች፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚሰሙ የድምፅ ስብስቦች፣ እየተመላለሱ ይሰማሉ፤ ቀዝቃዛ፣ ከሩቅ የሚመጡ ዓይነት። እነሱ የባንዱ አይደሉም። ፖል ላንስኪ የተባለ አሜሪካዊ አቀናባሪ በ1973 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአይቢኤም 360/91 ኮምፒውተር ከሠራው 18 ደቂቃ ገደማ ከሚረዝም ሥራ የተወሰዱ ናቸው። ሥራው በ1976 የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ውድድር አሸናፊዎችን በያዘ ሸክላ ላይ ታትሞ ነበር፣ ግሪንዉድ ያገኘውም ከዚያ ነው። ፈቃድ ለመጠየቅ ለላንስኪ ጻፈለት፤ ስሙም የደራሲዎቹ ዝርዝር ውስጥ ገባ። እንግዲህ ይህን ዘፈን «ኮምፒውተር ላይ ቁልፍ ተጭነው የሠሩት» ብሎ ለማጣጣል የፈለገ ሃያሲ፣ ከ27 ዓመት በፊት አንድ ሰው በክፍል በሚለካ ግዙፍ ማሽን ያወጣው ድምፅ መሆኑን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከየት ያውቃል?

ሌላው የማነሣው የአልበሙን ስም የያዘው ሁለተኛው ትራክ ነው። እዚያ የምትሰሙት የሰው ድምፅ የተሰበረ፣ የሕፃን አሻንጉሊት የሚመስል ነው። ዮርክ እዚያ ላይ አይዘፍንም፣ ቃላቱን ይናገራል። ዜማውን የሚሰጠው ግሪንዉድ ነው፣ ኦንድ ማርትኖ በሚባል መሣሪያ እየተጫወተ፤ ሁለቱ በቮኮደር፣ ማለትም የንግግርን ቅርጽ በሌላ መሣሪያ ድምፅ ላይ በሚያሳርፍ ማሽን፣ ይገናኛሉ። ኦንድ ማርትኖ በ1928 አንድ ፈረንሳዊ ለሕዝብ ያቀረበው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ቀኝ ጣት ላይ ቀለበት ይጠለቃል፣ ቀለበቱ ከክር ጋር ተያይዟል፤ ክሩን ወደ ግራና ቀኝ ስትስቡት ድምፁ እንደ ማሲንቆ እየተንሸራተተ ይወጣል ይወርዳል። ግራ እጅ ደግሞ ጉልበቱን የሚቆጣጠር ቁልፍ ላይ ያርፋል፣ ካልተጫናችሁት ድምፅ የለም። «ሃው ቱ ዲስአፒር ኮምፕሊትሊ» ላይም ከቫዮሊኖቹ ጋር ተደባልቆ የሚያለቅሰው ይኸው መሣሪያ ነው። ቫዮሊኖቹ የኦርኬስትራ ኦፍ ሴንት ጆንስ ናቸው፣ የተቀዱትም ኦክስፎርድሺር በሚገኝ ዶርቸስተር አቢ የተባለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።

ወደ ሂሱ እንምጣ። አልበሙ እንግሊዝ ውስጥ ጥቅምት 2 ቀን 2000፣ አሜሪካ ደግሞ በማግስቱ ወጣ። ለገበያ የተለቀቀ ነጠላ ዘፈን የለም፣ የተለመደው የቪዲዮ ክሊፕ የለም፤ «ብሊፕ» የተባሉ የጥቂት ሰከንድ አኒሜሽኖች ብቻ። ለሃያስያን አስቀድሞ የሚሰማው ቁጥጥር በተደረገበት ሁኔታ ነበር። ቅጂ ቤት ወስዶ ሳምንት ሙሉ እየደጋገሙ መስማት እንደ ወትሮው አልነበረም ማለት ነው።

አድናቂዎቹስ? አድናቂዎቹ ናፕስተር ነበራቸው፣ ሰዎች በኢንተርኔት የሙዚቃ ፋይል በነፃ የሚለዋወጡበት ፕሮግራም። ባንዱ በዚያው በጋ ገና ያልወጡትን ዘፈኖች መድረክ ላይ ይጫወት ነበር። ባሲስቱ ኮሊን ግሪንዉድ እንደተናገረው ባርሴሎና የተጫወቱት በማግስቱ ናፕስተር ላይ ተገኘ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ እስራኤል ሲደርሱ ታዳሚው የአዲሶቹን ዘፈኖች ግጥም በቃሉ ይዞታል። ልብ በሉ፤ የባለሙያው ሃያሲ ጆሮ ሰዓታት ሲቆጠሩለት፣ የተራው አድማጭ ወራት ነበሩት። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ከ200 ሺህ በላይ ተሽጦ አንደኛ ሲወጣ ብዙዎች የተገረሙት ይህን ስላላሰቡት ይመስለኛል።

ከዚያ ፍርዱ መጣ። «ሜሎዲ ሜከር» ላይ ማርክ ቦሞንት ከ5 1.5 ሰጠው፤ ስድብም ጨመረበት። (መጽሔቱ ራሱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኅትመት አቆመ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ግንኙነት የለውም፣ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልኩም።) በሌላው ጫፍ «ፒችፎርክ» ላይ ብሬንት ዲክሬሴንዞ ሙሉ 10.0 ሰጠ፤ ያኔ ትንሽ የነበረውን ድረ ገጽም ስሙን ያስጠራለት ይኸው ጽሑፍ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቅጽሎቹን ሰርዙ። የቀረውን አንብቡ። ስለ መሣሪያ፣ ስለ ምት፣ ስለ ቅንብር የሚነግራችሁ በጣም ጥቂት ነው። አንዱ ተናዷል፣ ሌላው ፈዟል፤ ሁለቱም የጻፉት ከጠበቁት ነገር ጋር ስለመገናኘታቸውና ስለመለያየታቸው ነው። ለእኔ ከሁሉም ሐቀኛው ደራሲው ኒክ ሆርንቢ «ዘ ኒው ዮርከር» ላይ ያለው ነው፤ አልወደደውም፣ ምክንያቱን ግን በግልጽ አስቀመጠ፦ ይህ አልበም ትዕግሥትና ታማኝነት ይጠይቃል፣ ደመወዝተኛ የሆነ ጎልማሳ ደግሞ ሁለቱም እያነሱት ይሄዳሉ። ትክክል ነው። እሱ እንደ ጥፋት የቆጠረውን እኔ እንደ ማስጠንቀቂያ ነው የማነበው።

እንዴት ብትሰሙት ይሻላል? 50 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ሳይቆረጥ። ስልካችሁ ላይ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የሚያዘበራርቀውን ሹፍል አጥፉ፤ ዘፈን ከዘፈን የሚያደባልቀውን ክሮስፌድ የሚባለውንም አጥፉ፣ ምክንያቱም «ኦፕቲሚስቲክ» ወደ «ኢን ሊምቦ»፣ «ኢዲዮቴክ» ወደ «ሞርኒንግ ቤል» የሚሻገሩት ራሳቸው ባንዱ በሠራው ድልድይ ነው። በስልኩ ድምፅ ማጉያ አትሞክሩት። «ዘ ናሽናል አንተም» ከዳር እስከ ዳር የቆመው ዮርክ በተጫወታት አንዲት የባስ ዜማ ላይ ነው፤ ባሱ ካልተሰማ የሚቀራችሁ የስምንት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ጩኸት ብቻ ነው፣ ያኔ «ይህማ ሁካታ ነው» ብትሉ አልፈርድባችሁም።

ሁለተኛ ዙር ላይ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ዘፈን፣ «ኤቭሪቲንግ ኢን ኢትስ ራይት ፕሌስ»፣ በፕሮፌት 5 ሲንተሳይዘር ይከፈታል። አራት አራት እየቆጠራችሁ ከገባችሁ ሦስተኛው ላይ ትወድቃላችሁ፤ አንዱ ዙር አሥር ምት ነው። እግራችሁን ከከበሮው ጋር እኩል እየመታችሁ እስከ አሥር ሂዱና እንደገና አንድ በሉ። «ሞርኒንግ ቤል» ደግሞ በአምስት ነው። ብዙ ሰው «የሆነ ነገር ያስጨንቃል» የሚለው የግጥሙን ጨለማ አስቦ ነው፤ ግማሹ ጭንቀት ግን እግሩ የጠበቀው ቦታ ላይ አለማረፉ ነው።

ሁሉንም እንድትወዱት አልጠይቅም። «ትሪፊንገርስ» ከሌላው የባንዱ ጊታሪስት ከኤድ ኦብራየን ጊታር ተቆራርጦ የተሠራ ነው፣ ጊታር መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ፤ አሠራሩ ይገርማል፣ ለእኔ ግን 3 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ይበዛበታል። ከዚያው ሥራ የተረፉት ዘፈኖች በ2001 «አምኔሲያክ» ሆነው ወጡ፤ እዚያ ያለው «ፒራሚድ ሶንግ» እዚህ ቢገባ ኖሮ የሚል ክርክር እስከ ዛሬ አለ። ባንዱ ድርብ አልበም ማውጣትን አስቦበት ነበር፣ እጅግ ይጠጥራል ብሎ ተወው። ደግ አደረገ፤ በ50 ደቂቃው እንኳ ሃያሲው ያ ሁሉ ሆኗል። በ2021 ሁለቱ በአንድ ላይ «ኪድ ኤ ምኒዥያ» ተብለው እንደገና ታትመዋል፤ ከዚያ ከጀመራችሁ ግን የ«ኪድ ኤ» ትራኮች እንዳለቁ አቁሙና ቀሪውን ለሌላ ቀን አቆዩት።