በሬና አህያ አይጠመዱም፦ ፓራለሊዝምና ኮምፓሪዝን በእንግሊዝኛ ፈተና

እንዴት ናችሁ ልጆች? ደብተር አውጡ። ዛሬ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን ነጥብ የሚያስጥሉትን ሁለቱን እናያለን፤ ፓራለሊዝም፣ ማለትም የተያያዙ ቃላትን አንድ ዓይነት ማድረግ፣ እና ኮምፓሪዝን፣ ማለትም ማወዳደር።

ጎጃም ያደገ ሰው ጥማድ በሬ ያውቃል። ገበሬው ሲጠምድ ቁመት ያያል፣ አረማመድ ያያል። አሁን አንዱን በሬ ፈትታችሁ አህያ ጥመዱበት። ቀንበሩ ያዘነብላል። ማነቆው አህያዋን ያንቃታል። ትልሙ ይጣመማል። ኦሪቱም በሬና አህያ ጠምደህ አትረስ ይላል። እንግዲህ ‹ኤንድ›፣ ‹ኦር›፣ ‹በት›፣ ‹ዛን› ቀንበር ናቸው። በግራ በሬ ካለ፣ በቀኝም በሬ!

‹ሺ ላይክስ ሪዲንግ፣ ዳንሲንግ ኤንድ ቱ ስዊም።› አህያዋ የታለች? ‹ቱ ስዊም›! ‹ስዊሚንግ› አድርጓት፣ አለቀ። ‹ኖት ኦንሊ› እና ‹በት ኦልሶ›፣ ‹አይዘር› እና ‹ኦር› ሲመጡም ያው ነው፤ ተከትሏቸው የሚመጣው አንድ ዓይነት ይሁን። ይህን ታውቁታላችሁ፣ እንለፍ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ግን አትለፉ!

ባለፈው ቪዲዮ ‹ጣና ኢዝ ላርጀር ዛን ኤኒ ሌክ ኢን ኢትዮጵያ› ስህተት ነው ብዬ ኮሜንቱ ተጥለቀለቀ። «ጣና እኮ ትልቁ ሐይቅ ነው!» በተለይ የባሕር ዳር ልጆች አልተዋጠላችሁም። ወገኖቼ፣ የጣናን ትልቅነት ማን ካደ? በስፋት ከኢትዮጵያ ሐይቆች አንደኛ ነው። ግን ጣና ራሱ ያለው የት ነው? ኢትዮጵያ! ስለዚህ ‹ኤኒ ሌክ ኢን ኢትዮጵያ› ስትሉ ጣናም እዚያው ውስጥ ገባ። ጣና ከጣና ይበልጣል አላችሁ! ‹ኤኒ አዘር ሌክ› በሉ፣ ጣና ይወጣል። ጮቄን ከሱዳን ተራሮች ጋር ስታወዳድሩ ግን ‹አዘር› አትጨምሩ፤ ጮቄ ሱዳን ውስጥ አይደለማ። ፈታኙ ጂኦግራፊ አልጠየቃችሁም። እውነት የሆነ ዓረፍተ ነገር ሁሉ በሰዋስው ትክክል አይደለም፤ ይህን ያዙልኝ።

ሌላው ወጥመድ፦ ‹ዘ ክላይሜት ኦፍ ደብረ ማርቆስ ኢዝ ኩለር ዛን ባሕር ዳር።› የአየር ጠባይ ከከተማ ጋር ተጠመደ! በአማርኛ እንዲህ ብንል ማንም አይቆጣንም፤ ፈተናው ግን ይቆጣል። ‹ዛን ዛት ኦፍ ባሕር ዳር› ነው፤ ‹ዛት› እዚህ ‹ክላይሜት›ን ተክቶ ገባ። ለነጠላ ‹ዛት›፣ ለብዙ ‹ዞዝ›።

በሉ አሁን ተራው የናንተ ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ፤ የሌሊቱን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ‹ዘ ናይትስ ኦፍ ደብረ ማርቆስ አር ኮልደር ዛን...› ‹ዛት ኦፍ ባሕር ዳር› ነው ወይስ ‹ዞዝ ኦፍ ባሕር ዳር›? ከነምክንያቱ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።