ብቻውን የሚመታ ሕዋስ

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ሕዋስ፣ ኅብረ ሕዋስ፣ አካል፣ ሥርዓተ አካል። ይህን ቅደም ተከተል ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል። ስንሸመድደው ግን ዋናው ነገር ያመልጠናል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ስንሻገር ቀድሞ ያልነበረ ችሎታ ይወለዳል።

ልብን እንይ። ከፅንስ ልብ የተወሰደ አንድ የጡንቻ ሕዋስ ለብቻው ተነጥሎ በሚስማማው ፈሳሽ ውስጥ ቢቀመጥ መምታቱን ይቀጥላል። ማንም ሳያዘው! ሁለት ሕዋሶች ተራርቀው ሲቀመጡ እያንዳንዱ በራሱ ምት ይመታል። ተነካክተው ሲያያዙ ግን ምታቸው አንድ ይሆናል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ያ ሕዋስ ግን አንዲት ጠብታ ደም እንኳ መግፋት አይችልም። ብዙዎቹ ተያይዘው ኅብረ ሕዋስ ሲሆኑ ጉልበት ይመጣል። ጉልበት ብቻውንም አይበቃም። ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ቫልቭ ያስፈልጋል፤ ቫልቩ ደግሞ ከጡንቻ አይሠራም፤ አያያዥ የሚባለው ኅብረ ሕዋስ ሥራ ነው። እነዚህ ሁሉ ሲገናኙ ነው በቀን 100,000 ጊዜ ያህል የሚመታው ልብ የሚገኘው። እሱም ቢሆን ያለ ደም ሥሮች የትም አይደርስም።

ኅብረት ያለ ዋጋ አይመጣም። አሜባ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ግን ይበላል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይባዛል። እ.ኤ.አ. በ1907 ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ስፖንጅ የተባለውን የባሕር እንስሳ በስስ ሐር ጨርቅ ውስጥ ጨምቆ አሳለፈው። እንስሳው ተበታተነ። ሕዋሶቹ ግን ተሰባስበው እንደገና ስፖንጅ ሆኑ! የእኛ ልብ ቢበታተን መልሶ ራሱን አይገጥምም። የሥራ ክፍፍሉ በረቀቀ ቁጥር ሕዋሱ ብቻውን የመኖር አቅሙን እያጣ ይሄዳል።

ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ቀይ የደም ሕዋስ ነው። ሲበስል ኒውክለሱን፣ ማለትም የዘር መረጃውን የሚይዘውን ማዕከሉን፣ አውጥቶ ይጥላል። ከዚያ በኋላ መራባት አይችልም። ለ120 ቀን ያህል ኦክስጅን ሲያመላልስ ኖሮ ያልፋል። ለራሱ ያስቀረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። እሱን የሚተካውን የአጥንት መቅኔ ያዘጋጃል። ይህን ንግግር ሳደርግላችሁ እንኳ፣ እዚህ በተቀመጠው በእያንዳንዱ አዋቂ ሰው መቅኔ ውስጥ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ አዳዲስ ቀይ የደም ሕዋሶች ሲሠሩ ነበር።

አመሰግናለሁ።