ስለ ሞርፊንና አልጋ ላይ ስለዋሉ ሕሙማን፦ የአድማጮች ጥያቄና የነርሷ መልስ

ጥያቄ፦ የእናቴ የጡት ካንሰር ወደ አጥንቷ ተሠራጭቶ ሌሊቱን ስታቃስት ታድራለች። ሐኪሙ የሚጠጣ ሞርፊን ቢያዝላትም ዘመዶቻችን «ሱስ ይሆንባታል፤ ቶሎም ይወስዳታል» እያሉ ሲብስባት ብቻ እንድንሰጣት ይመክሩናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የዘመዶችዎ ሥጋት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ምክራቸው ግን እናትዎን ያሠቃያቸዋል። ፈሳሹ ሞርፊን የሚያገለግለው ለአራት ሰዓት ያህል በመሆኑ፣ ሕመሙ እስኪመለስ የሚጠብቅ ቤተሰብ መድኃኒቱን ሁልጊዜ ዘግይቶ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ስለ ካንሰር ሕመም ባወጣው መመሪያ ማስታገሻው በሰዓቱ እንዲሰጥ ያሳሰበውም ለዚህ ነው። በመሐል ድንገት ለሚነሣ ሕመም ተጨማሪ መጠን እንዲታዘዝላቸው፣ ለእንቅልፍ ሰዓትም ምን ያህል እንደሚሰጥ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ለሕመም በልክ የሚወሰድ ሞርፊን በእንዲህ ያለ ታማሚ ላይ ሱስ የሚሆንበት አጋጣሚ በጣም አነስተኛ ነው። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ አይቀርም፤ ስለዚህ በድንገት ማቋረጥ አይገባም፤ መልመድና ሱስ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በትንሹ ተጀምሮ እንደ ሕመሙ እየታየ የሚጨመር መጠን ዕድሜን አያሳጥርም። ሆኖም ሲቀሰቅሷቸው መንቃት ካቃታቸው ወይም አተነፋፈሳቸው እጅግ ከዘገየ የሚቀጥለውን መጠን ሳይሰጡ ወዲያውኑ ለሐኪም ያሳውቁ፤ ሽንታቸው ሲቀንስም እንዲሁ ይናገሩ፤ ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማልና።

እኔ ከሱስ ይልቅ የምፈራው የሆድ ድርቀትን ነው፤ ብዙዎች ሞርፊኑን የሚያቋርጡት በእርሱ ተማረው ነውና። ማቅለሽለሹና መፍዘዙ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ሲለቅ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ስለዚህ እንደ ቢሳኮዲል ያለ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝላቸው። ለአጥንት ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና እንኳ ብዙ ሊያቀል ስለሚችል ይህንንም ይጠይቁ። እግራቸው ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው፣ ዕጢው ኅብለ ሰረሰርን እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ያድርሷቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ የጉበት ካንሰር ታማሚ ነው። ሐኪሞች የቀረው ጥቂት ቀን እንደሆነ ነግረውን ወደ ቤት መልሰነዋል። አሁን እህል አልወስድ ብሏል። ጎረቤት አጥሚት በግድ አጠጡት ይላል፤ ጉሉኮስ እናስተክልለት?

መልስ፦ አባትዎ እየደከሙ ያሉት ስላልበሉ አይደለም፤ ሰውነታቸው እየተሰናበተ በመሆኑ ምግብ አይፈልግም። መዋጥ ያቃተው ሰው በግድ ሲጠጣ አጥሚቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጉሉኮሱም በዚህ ደረጃ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ አይጨምርም፤ ይልቁንም እግርንና ሆድን ሊያሳብጥ፣ ትንፋሽንም ሊያስጨንቅ ይችላል። የሚጠቅማቸው አፋቸውን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ደጋግሞ ማራስና ከንፈራቸውን ቫዝሊን መቀባት ነው፤ ጠበል ከወደዱም በጠበሉ አርሱላቸው። ጉሮሯቸው ማንኮራፋት ሲጀምር በጎናቸው አስተኟቸው፤ ድምፁ እናንተን እንጂ እሳቸውን እምብዛም አያስጨንቅም።

ጥያቄ፦ ለወራት የተኛች አክስቴ ወገቧ ላይ ቆስሏል፤ ሽታው ጠያቂን እያሸሸ ነው።

መልስ፦ ከሁለት ሰዓት በላይ በአንድ ጎን አይተኙ፤ የቀላውን ቆዳም አትሹት። ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ እጠቡት፤ ለሽታው በደቀቀ የሜትሮኒዳዞል እንክብል ዱቄት ብዙ ጊዜ እንጠቀማለንና ሐኪም ወይም ነርስ አይታ ትዘዝላቸው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ በ2003 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን ሆስፒስ ኢትዮጵያን ጠይቁ፤ ነርሶቹ ሕሙማንን በየቤታቸው ይጎበኛሉ። ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ቁስሉ ከመታጠቡ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድማችሁ ስጧቸው።