ሰሙ ጭስ ካወጣ ካውያው ግሏል፦ የበረዶ መንሸራተቻዎቹን ስኪና ስኖውቦርድን በቤት ስለመጠገን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የስኪዬ ሆድ፣ ማለትም በረዶው ላይ የሚያርፈው ጎን፣ ከብረቱ ጠርዝ አጠገብ ነጭ ነጭ ብሏል። ተበላሸ? በልብስ ካውያ ሰም ብቀባውስ?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ ሰም ጠምቶታል። ጠንካራ በረዶ ሲፈትገው መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ቦታ ነው።

የልብስ ካውያ ግን አልመክርም። ሙቀቱ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል። የስኪው ሆድ ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ 130 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ሲደርስ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ የሰም ካውያ ይግዙ፤ ሙቀቱንም ሰሙ ላይ በተጻፈው ልክ ያድርጉት። ሰሙ ጭስ ካወጣ ወዲያው ይቀንሱ። ካውያው አንድ ቦታ ላይ ለአፍታም አይቁም። ትክክል ሲሆን ከኋላው የጥቂት ሳንቲሜትር እርጥብ የሰም ጭራ ይከተለዋል። በሌላ እጅዎ የስኪውን ጀርባ ይንኩት፤ ለብ ካለ ይበቃል።

ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቤት ውስጥ ይቀዝቅዝ። ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ መፋቂያ ይፋቁት፣ በናይለን ብሩሽ ይቦርሹት። «የቀባሁትን መልሼ ልፋቀው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አዎ፣ ይፋቁት! የሚሠራው ውስጥ የገባው ሰም ነው፤ ላይ የቀረው በረዶውን ይይዛል። ስኖውቦርድ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ጫማውን የሚይዘውን ማሰሪያ ብሎኖች ላላ ያድርጉ። መስኮትም ይክፈቱ። ፍሎር የሚባል ኬሚካል ያለበት አሮጌ ሰም ካለዎት ደግሞ አይጠቀሙበት፤ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽንም ከ2023/24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከውድድር አግዶታል።

ጥያቄ፦ ጠርዙ ድንጋይ ነካ። ሞረዱ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ እየተንሸራተተ አልበላ አለኝ።

መልስ፦ ድንጋዩ ሲመታው ብረቱ እዚያ ጋ ጠንክሯል። በኃይል አይግፉት፣ ሞረዱን ያበላሻል። መጀመሪያ የአልማዝ ድንጋይ፣ ማለትም የአልማዝ ብናኝ ያለበትን መሳያ፣ በውሃ አርጥበው፣ ሸካራው እስኪጠፋ ቀስ ብለው ይሹት። ሞረዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ እሱም በማዕዘን መያዣ፣ ማለትም ሞረዱን በትክክለኛው ማዕዘን በሚይዘው መሣሪያ፣ ብቻ። የጎን ማዕዘኑ ብዙ ጊዜ 2 ዲግሪ ነው፣ ግን የእርስዎን አምራቹ ካወጣው መረጃ ያረጋግጡ። አንድ ዘዴ ልንገርዎ፦ ጠርዙን በማርከር ያጥቁሩትና አንዴ ብቻ ይሞርዱ። ቀለሙ እኩል ከለቀቀ ማዕዘኑ ልክ ነው። ከላይ ብቻ ወይም ከታች ብቻ ከለቀቀ መያዣውን ያስተካክሉ። የተሞረደ ብረት አይመለስም፤ ስለቱ በአልማዙ ብቻ ከተመለሰ ሞረዱን አይንኩት። በሆዱ በኩል ያለውንም ማዕዘን ለባለሙያ ይተዉት።

ጥያቄ፦ የስኪ ማሰሪያውን ጥብቀት ራሴ ልቀይር?

መልስ፦ እባክዎ አይቀይሩ። ሲወድቁ ጫማውን ለቅቆ እግርዎን የሚያተርፈው እሱ ነው። ልኩ በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማው ርዝመትና በችሎታዎ ይወሰናል፤ በመሣሪያም ይፈተሻል።

ጥያቄ፦ ወቅቱ ሲያልፍ እንዴት ላስቀምጠው?

መልስ፦ ዝገቱን ያጽዱ፣ ያድርቁት። ከዚያ ወፈር ያለ ሰም ቀብተው ሳይፋቁ ይተዉት፤ ሰሙ ጠርዙንም ይሸፍን። ፀሐይና እርጥበት የማያገኘው ቦታ ይሁን። እርጥብ እንደሆነ ቦርሳ ውስጥ የተዘጋበት ስኪ ጠርዙ በጥቂት ቀን ውስጥ ይዝጋል። የሚፋቁት ቀጣዩ ወቅት ሲመጣ ነው።