ስንት ሴንቲ ሜትር ነው ከማለት በፊት

እንደምን አረፈዳችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከሥራችሁ ላይ ጊዜ ቆርሳችሁ የመጣችሁ ባልደረቦቼም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እኔ ራዲዮሎጂስት ነኝ። ሥራዬ ምስል ማንበብ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ፖስታ አቅፈው የተቀመጡ ሰዎች አያለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ። የልጅ፣ የባል፣ የእናት የጭንቅላት ፊልም ነው። ያንን ፖስታ ይዞ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ብዙዎቻችሁ ነግራችሁኛል።

ቤተሰብ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ዶክተር፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?» ጥያቄው የሚገባ ነው። ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ አይደለም። ሜኒንጂዮማ የሚባል ዕጢ አለ፤ ከአንጎል ሽፋን ላይ የሚነሳ። የብርቱካን ያህል ሆኖ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ወጥቶ ሰውየው ወደ ሥራው ይመለሳል። ግሊዮብላስቶማ የሚባለው ደግሞ ገና የባቄላ ፍሬ ቢያህልም አደገኛ ነው። ስለዚህ ከመጠኑ በፊት መጠየቅ ያለበት «ምንድን ነው? ጠባዩስ ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ነው። ዛሬ የማወራችሁ ኤም አር አይ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልስ ነው። የት ላይ እንደሚያቅተውም እነግራችኋለሁ።

ኤም አር አይ ፎቶ ካሜራ አይደለም። ጨረርም የለውም። ትልቅ ማግኔት ነው። ሰውነታችን ውስጥ ያለውን ውኃ በሬዲዮ ሞገድ ይቀሰቅሰዋል፣ ከዚያ ውኃው የሚመልሰውን ድምፅ ያዳምጣል። ስለዚህ የምናገኘው መልስ በጠየቅነው ጥያቄ ይወሰናል። «ቅርጹን አሳየኝ» ካልነው ቅርጹን ያሳየናል። «ውኃው እንዴት ይንቀሳቀሳል? ደሙ ምን ያህል ነው? ምን ዓይነት ኬሚካል አለ?» ብለን ከጠየቅነው ደግሞ ያንን ይነግረናል። የረቀቀ ኤም አር አይ የምንለው ይህንኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ያው ነው። የሚለየው ጥያቄው ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የሰውየውንም የቦታውንም ስም አልጠራም። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት በቤተሰቡ ተደግፎ መጣ። ራስ ምታት፣ ትውከት፣ አንድ ጊዜም ጥሎት ነበር። ሌላ ቦታ የተነሳው ፊልም ላይ አንጎሉ ውስጥ ቀለበት ይታያል። በደም ሥር የሚወጋው ማድመቂያ፣ ኮንትራስቱ፣ ዳር ዳሩን አብርቶታል፣ መሀሉ ጥቁር ነው። ሪፖርቱ «ከፍተኛ ደረጃ ያለው ዕጢ» ይላል። ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጧል። አባትየው ወደ አገር ቤት ይዘውት ሊመለሱ ተነስተው ነበር።

ቀለበት የሚሠራው ግን ዕጢ ብቻ አይደለም። የቲቢ እባጭ ቀለበት ይሠራል። የመግል ቋት ይሠራል። የአሳማ ኮሶ ትል የሚባለው ትል እጭ ይሠራል። እኛ አገር ቲቢ ብዙ ነው፤ ቀለበት ስናይ ወዲያው ዕጢ ማለት አንችልም። የዚያ ልጅ ምርመራ ላይ ዲፊውዥን የሚባለው ክፍል አልተሠራም ነበር። ሁለት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ነገር ነው።

ዲፊውዥን የሚለካው ውኃ ምን ያህል በነፃነት እንደሚንቀሳቀስ ነው። በበዓል ዋዜማ መርካቶ ውስጥ ለመራመድ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አንድ እርምጃ ሄዳችሁ ትቆማላችሁ። ጃን ሜዳ ባዶ በሆነበት ቀን ደግሞ እንደፈለጋችሁ ትሄዳላችሁ። ውኃም እንደዚያ ነው። መግል ወፍራም ስለሆነ ውኃው ውስጡ ይታሰራል። የሞተ ዕጢ መሀል ግን ቀጭን ፈሳሽ ነው፣ ውኃው ይፈስሳል። መግሉ በዲፊውዥን ምስል ላይ ቦግ ብሎ ይታያል። ልጁን ድጋሚ አስገባነው። ቦግ አለ። ከዚያ ጠየቅን። ለካ ጆሮው ለወራት መግል ሲይዝ ከርሟል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ መግሉን ቀዳለት፣ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ወሰደ። ዳነ።

ይህን ስነግራችሁ ዛሬም ልቤ ይመታል። ሁለት ደቂቃ ነበር ልዩነቱ። ምርመራ የምታዙ ባልደረቦቼ፣ ቀለበት ካያችሁ ዲፊውዥን ሳይሠራ በሽተኛው ከማሽኑ እንዳይወርድ አድርጉ። አደራ።

ዲፊውዥን ለዕጢም ይረዳል። ሴሎቹ ታጭቀው የተጠቀጠቁበት ዕጢ ውኃውን ያስራል። ሊምፎማ እንደዚያ ነው። የሕፃናት ሜዱሎብላስቶማም እንደዚያ ነው። በልጆች ላይ ከጭንቅላት በስተኋላ የሚወጡትን ዕጢዎች ለመለየት ትልቅ እገዛ አለው። ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ የሚባለው የልጆች ዕጢ ለምሳሌ ኮንትራስት ሲሰጠው ቦግ ብሎ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ደረጃ 1፣ ማለትም ዝቅተኛው ደረጃ ነው። በዲፊውዥን ውኃው ነፃ ሆኖ ሲታይ ትንፋሻችን ይመለሳል።

ሁለተኛው ፐርፊውዥን ነው፤ የደም መጠን መለኪያ። ኮንትራስቱ በፍጥነት ይወጋል፣ ማሽኑ ከሴኮንድ ወደ ሴኮንድ ያነሳል። ኃይለኛ ዕጢ ይርበዋል። በነበረው የደም ሥር አይበቃውም፣ የራሱን መስመር ይስባል። ስለዚህ የደሙ መጠን ከጤናማው ጎን ጋር ሲነጻጸር ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት 1.75 እጥፍን እንደ ድንበር ወስዶ ነበር። ከዚያ በላይ ደም ያላቸው ግሊዮማዎች፣ ማለትም ከአንጎል ደጋፊ ሴሎች የሚነሱ ዕጢዎች፣ ቶሎ የመባባስ ዝንባሌ ነበራቸው። ይህ ትንበያ ነው፤ ዛሬን ሳይሆን ነገን የሚናገር።

ግን ቁጥሩን ብቻውን አትመኑት። ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ የሚባለው ዕጢ በጠባዩ ደም ይበዛበታል፤ ሆኖም ከአብዛኞቹ ግሊዮማዎች ይልቅ ረጅም ዕድሜ የሚሰጥ ነው። አይነቱን ሳያውቅ ቁጥሩን ብቻ ያነበበ ሐኪም ቤተሰቡን ያለ ምክንያት ያስለቅሳል።

ሦስተኛው ስፔክትሮስኮፒ ነው። ድስቱን ሳትከፍቱ ከሽታው ብቻ ምን እየተሠራ እንደሆነ ታውቁ የለ? ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው፣ ቅቤው ገብቷል ትላላችሁ። ስፔክትሮስኮፒም ጭንቅላት ሳይከፈት ኬሚካሉን ያሸታል። ኮሊን የሚባለው ኬሚካል ከበዛ ሴሎች እየተባዙ ነው። ኤን ኤ ኤ የሚባለው ከቀነሰ ጤነኛ የነርቭ ሴል ጠፍቷል። የስብ ምልክት ብቻውን ጎልቶ ኮሊኑ ካልጨመረ ወደ ቲቢ እናስባለን።

አሁን ወደ ትልቁ ለውጥ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች በግሊዮማ ውስጥ አይ ዲ ኤች የሚባል ጂን ተለውጦ አገኙ። በማይክሮስኮፕ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ዕጢዎች በዚህ ጂን ይለያያሉ። ለውጡ ያለበት ሰው በአማካይ ብዙ ረዘም ያለ ጊዜ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አመዳደብ ይህ ጂን የግሊዮማ መለያ ምሰሶ ሆነ። ሕክምናም ተከትሎ መጣ። ቮራሲዴኒብ የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ይህ ለውጥ ላለባቸው ደረጃ 2 ግሊዮማዎች። በጥናቱ ዕጢው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ ከ11.1 ወር ወደ 27.7 ወር ከፍ ብሏል።

የጂን ምርመራ ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም። ምስሉ ፍንጭ ይሰጠን ይሆን? ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተገለጸ አንድ ምልክት አለ። ቲ2 በሚባለው ምስል ዕጢው ሙሉ በሙሉ ያበራል። ፍሌር በሚባለው ምስል ደግሞ መሀሉ ይደበዝዛል፣ ዳሩ ብቻ ይበራል። ሁለቱ አይገጥሙም። በአዋቂ ሰው ላይ ይህ በትክክል ከታየ፣ አይ ዲ ኤች የተለወጠበት አስትሮሳይቶማ (አንድ የግሊዮማ ዓይነት) መሆኑ እጅግ የጠነከረ ግምት ነው። በልጆች ላይ ግን ያሳስታል፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካልታየም «የለም» ማለት አይደለም።

ይህን ምልክት የምወደው ለምን መሰላችሁ? ቲ2ም ፍሌርም ማንኛውም ኤም አር አይ የሚያነሳቸው ናቸው። ተጨማሪ ብር አይጠይቅም። አዲስ ማሽን አይፈልግም። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ የሠለጠነ ዓይን ብቻ ይበቃዋል። ተማሪዎች፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሳትሉ ዛሬ ማታ ተለማመዱት።

አሁን ደግሞ የማይሆነውን ልናገር። ኤም ጂ ኤም ቲ የሚባል ሌላ መለያ አለ። ዕጢው ለቴሞዞሎማይድ፣ ማለትም ለኬሞው፣ ምን ያህል ምላሽ እንደሚሰጥ ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከመላው ዓለም የተውጣጡ ቡድኖች ይህን ከምስል ብቻ በኮምፒውተር ለመተንበይ ተወዳደሩ። ያሸነፈው እንኳ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙ አልራቀም። ስለዚህ «ኤአይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሁሉን ያውቃል» የሚላችሁ ካለ በጥርጣሬ ስሙት። ኮምፒውተሮቹ የተማሩትም በአብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ በሽተኞች ምስል ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ አፍሪካውያን ምስሎች ለብቻቸው ተሰብስበው ወደዚህ ዓለም አቀፍ ውድድር የገቡት እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። የእኛ ማሽን፣ የእኛ ቲቢ፣ ዘግይቶ የሚመጣው በሽተኛችን እዚያ ውስጥ መኖር አለበት።

ቤተሰቦች፣ አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ግሊዮብላስቶማ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር፣ ከዚያ ኬሞ ይሰጠዋል። ይህ ሕክምና የጸናው እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ የ573 በሽተኞች ጥናት ነው። ጨረር ብቻ የወሰዱት መካከለኛ ዕድሜ 12.1 ወር ነበር፤ ኬሞ የተጨመረላቸው 14.6 ወር። ቁጥሩ መራራ ነው። ግን መካከለኛ ማለት ግማሾቹ ከዚያ አልፈው ኖረዋል ማለት ነው። ኬሞ ከተጨመረላቸው ከመቶ 26.5 የሚሆኑት 2 ዓመትን ተሻግረዋል። ቁጥሩ የብዙ ሰው ነው። የእናንተ ሰው ቀን እዚያ ላይ አልተጻፈም።

ጨረሩ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ኤም አር አይ ይነሳል። ብዙ ልብ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ቀለበቱ ይሰፋል፣ እብጠቱ ይጨምራል። «ባሰበት» ይባላል። አንዳንዱ እውነትም ብሶበት ነው። አንዳንዱ ግን ጨረሩና ኬሞው ያስቆጡት ሥጋ ነው፤ የመባባስ መልክ ያለው ሐሰተኛ መባባስ። ጊዜ ሲሰጠው ራሱ ይሟሽሻል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው መመሪያ ጨረር ካለቀ በኋላ ባሉት 12 ሳምንታት ውስጥ ለመፍረድ አትቸኩሉ ያለው። ጨረሩ ካረፈበት ክልል ውጭ አዲስ ነገር ካልታየ ወይም ናሙና ካላረጋገጠ በቀር። ፐርፊውዥን እዚህ ላይ ይታደጋል። እውነተኛ ዕጢ ደም ይበዛበታል፣ የተጎዳ ሥጋ ደም ያንሰዋል። ተስፋ ተቆርጦ የሚሠራ ኬሞ እንዳይቋረጥ ያደርጋል።

ይህን ሁሉ ለማየት ግን የቀድሞው ምስል ያስፈልገኛል። ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ የመጨረሻው ፊልም ብቻ ነው። የቀድሞው ቤት ሲቀየር ጠፍቷል፣ ወይም ሲዲውን ሕፃን ተጫውቶበታል። ፊልም ላይ የታተመው ጥቂት ነው፤ ሲዲው ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች አሉ፣ ዲፊውዥኑም ፐርፊውዥኑም እዚያ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምርመራ በኋላ ሲዲውን ጠይቁ። ቀኑን ላዩ ላይ ጻፉ። ወደ ፍላሽም ገልብጡት። ጨረር የጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። በሽተኛው ዴክሳሜታሶን እየወሰደ ከሆነ ምን ያህል እንደሚወስድ ንገሩን፤ መድኃኒቱ እብጠቱን ስለሚቀንስ ምስሉን ይለውጠዋል።

ከሻይ በኋላ ጎን ባለው ክፍል ኮምፒውተር ከፍቼ እቀመጣለሁ። ፖስታ የያዛችሁ ኑ፣ አብረን እናያለን። የቆየውንም ሲዲ ካላችሁ ይዛችሁት ኑ።