ጥያቄው ተመልሶ ሲመጣ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራላችሁም ስለ አንድ የሂሳብ ጥያቄ ነው። ሂሳብ ሲነሣ ጆሯችሁን የምትዘጉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

እዚህ ሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ መማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ሴሚስተሬ ነው። ቀን እማራለሁ፣ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። አሁን የያዝኩት ካልኩለስ ሁለት ነው፤ አብዛኛው ስለ ኢንቴግራል ነው። አገር ቤት 12ኛ ክፍል ሳለሁ ኢንቴግራል የመጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ነበር። ብሔራዊ ፈተናው ሲቃረብ መምህራችን ቀመሮቹን ሰሌዳ ላይ ጻፉልንና ሸምድዱ አሉን። ሸመደድኩ፤ አለፍኩም። ከ16 ዓመት በኋላ ግን አንዱም አብሮኝ አልነበረም።

ያ እንደ እባብ የቆመው ረጅም ምልክት ምን እንደሆነ እንኳን ያወቅሁት እዚህ ነው። ለካ ኤስ ኖሯል! ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ሌብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1675 በላቲን ድምር የሚለውን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ወስዶ አስረዘመው። ድምር ነው፤ እጅግ የቀጠኑ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቁርጥራጮች ድምር። አሁን ምልክቱን ባየሁ ቁጥር «ደምር» የሚለኝ ይመስለኛል።

ካልኩለስ አንድ ላይ ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም አንድ ነገር በየቅጽበቱ የሚለወጥበትን ፍጥነት፣ ስንሠራ ሕጉ አይከዳንም ነበር። የቱንም ያህል የተወሳሰበ ነገር ቢሰጡን ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ነጠላ እንደ መተርተር ነው፤ የክሩን ጫፍ ያገኘ ሁሉ ይተረትረዋል። ኢንቴግራል ግን የዚያ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከተተረተረው ክር ነጠላውን መልሶ መሸመን። በየትኛው በኩል እንደሚጀመር የሚነግር የለም፤ አይቶ መምረጥ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ መሸምደድ እንጂ መምረጥ አልተማርኩም።

አንድ ሌሊት በሥራ ቦታዬ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ የሚገባም የሚወጣም መኪና ሲጠፋ ደብተሬን አወጣሁ። ጥያቄው አጭር ነው፦ አርቢው ኤክስ የሆነ ኢ (ኢ 2.718 ገደማ የሆነ ቋሚ ቁጥር ነው)፣ በኮሳይን ኤክስ ተባዝቶ፣ ኢንቴግራሉ ስንት ነው? ኢንቴግሬሽን ባይ ፓርትስ በሚባለው ዘዴ ከሁለቱ ተባዢዎች የአንዱን ዴሪቬቲቭ፣ የሌላውን ኢንቴግራል እንወስዳለን። ወሰድኩ። ኮሳይኑ ሳይን ሆነ እንጂ ምንም አልቀለለም። ደገምኩት። ሳይኑ ተመልሶ ኮሳይን ሆነና ያ የተነሣሁበት ጥያቄ፣ ፊት ለፊቱ የመቀነስ ምልክት ይዞ፣ ገጹ ላይ ቁጭ አለ። ዞሮ ዞሮ ከቤት! ተሳስቻለሁ ብዬ በላጲስ ደመሰስኩት። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና መጣ። በሦስተኛው ሙከራዬ መሀል ላይ ምርጫዬን ገልብጬ ነበር፤ ያኔ ሁሉም ተጣፋና ዜሮ ከዜሮ ጋር እኩል ነው የሚል መስመር ቀረኝ። ወረቀቱ ከመደምሰስ ብዛት ተበሳ።

በማግስቱ ደብተሩን ይዤ ኮሌጁ የሂሳብ ማገዣ ክፍል ገባሁ። እዚያ አንዲት በዕድሜ የገፉ መምህርት አሉ። እስኪ ሥራው አሉኝ። ሠራሁ፤ ጥያቄው ተመልሶ መጣ። ላጲሱን ሳነሣ እጄን ያዙኝ። እንዳትደመስሰው አሉኝ፤ ስም ስጠው። በእንግሊዝኛው ፊደል «አይ» (I) ብዬ ሰየምኩት። መጀመሪያ የተጠየቅሁትም አይ ነው፤ አሁን በመቀነስ የመጣውም አይ ነው። ወደ ግራ አሻገርኩት፤ ሁለት አይ ሆነ። በስተቀኝ ኢንቴግራል የሚባል ነገር አልቀረም፤ አርቢው ኤክስ የሆነው ኢ በሳይንና በኮሳይን ድምር ተባዝቶ ብቻ። ለሁለት ማካፈል ነበር የቀረኝ። መጨረሻ ላይ ቋሚ ቁጥሩን፣ «ፕላስ ሲ» የሚባለውን፣ ረስቼ ነበርና በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ጻፍኩት።

አድማጮቼ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንደ ማንኛውም ያልታወቀ ቁጥር ከወዲያ ወዲህ የሚሻገር መሆኑ ነው ያስደነቀኝ፤ ምን እንደሆነ ሳላውቀው ደመርኩት፣ አካፈልኩት። ስሕተት ብዬ ደጋግሜ የደመሰስኩት መስመር የመፍትሔው ዋና መስመር ነበር። እኛ ተማሪ ሳለን ወደ ጥያቄው የተመለሰ ልጅ «አላወቀም» ተብሎ ይቀመጥ ነበር፤ ስንቱ እዚያች መስመር ላይ ቆሞ እንደቀረ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ሁሉም ግን እንዲህ አይፈታም። አርቢው የኤክስ ካሬ ኔጋቲቭ የሆነውን ኢ፣ ያንን በስታቲስቲክስ የደወል ቅርጽ የሚሠራውን፣ እኛ በምናውቃቸው ፈንክሽኖች ኢንቴግራሉን መጻፍ አይቻልም። ሰው ስላልደረሰበት አይደለም፤ እንደማይቻል ተረጋግጧል። ይህንንም ስሰማ በአንድ በኩል እፎይ አልኩ።

ያንን የተበሳ ወረቀት አልጣልኩትም፤ ደብተሬ ውስጥ አለ። አሁን ወደ ተከታታይ ድምሮች ገብተናል። አንድ፣ ሲደመር አንድ ሁለተኛ፣ ሲደመር አንድ ሦስተኛ እያለ የሚሄደው ድምር 10ን ለማለፍ 12,367 ቁጥሮች ይፈልጋል፤ ሆኖም ማደጉን አያቆምም። እሱን ሳምንት እነግራችኋለሁ። ሐሙስ ፈተና አለኝ፤ ልሂድና ላጥና። ደህና እደሩ።