ያልተሳፈረውንም ሰው እንቁጠር
ለባቡር ምህንድስና ተመራቂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ባቡር ተናገር ስባል መጀመሪያ ትዝ የምትለኝ አክስቴ ናት። ቤቷ አብነት ነው፤ የምትሠራው ሳሪስ። ሃዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት በየቀኑ ከአብነት ሜክሲኮ አንድ ታክሲ፣ ከሜክሲኮ ሳሪስ ሌላ ታክሲ ትይዝ ነበር። ዝናብ የጣለ ቀን መንገዱ ላይ የምታጠፋውን ጊዜ እሷም አትቆጥረው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስመር ሥራ ጀመረ። በዚያው ሰሞን አክስቴ አብነት ተሳፍራ ሳሪስ ወረደችና ማታ ደውላ «ልጄ፣ ሳሪስ እኮ ጎረቤት ሆነ» አለችኝ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ይዣታለሁ። የከተማ ባቡር የሚሠራው ለዚህ ነውና። ሁለት ሰፈር ጎረቤት ሲሆን ሰው ሥራ የሚፈልግበት፣ ልጅ የሚያስተምርበት፣ ዘመድ የሚጠይቅበት ከተማ ይሰፋለታል።

ከዓመታት በኋላ አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ የማን ስብሰባ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አንድ ባለሙያ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ያለበት ሥዕል ግድግዳው ላይ አሳየና «ሕዝቡ ከባቡር ፊቱን እያዞረ ነው» አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሥዕሉ ላይ ያለው ቁጥር የተሸጠ ትኬት ቁጥር ነው። ጣቢያው ላይ ቆሞ፣ የመጣው ባቡር ሞልቶበት፣ ተስፋ ቆርጦ ወደ ታክሲ ሰልፍ የሄደው ሰው ትኬት አልቆረጠም። ስለዚህ የለም ማለት ነው? ዛሬ እናንተን ለማሳሰብ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

ያለንን እናውቀው። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የተዘረጉት ሁለት መስመሮች አንድ ላይ 31.6 ኪሎ ሜትር ናቸው፤ 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ግንባታው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈጅቷል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩት። ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ይህን የመጨረሻውን አትናቁት፤ እመለስበታለሁ።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። እርሳስ አያስፈልግም። አንድ ባቡር በደንብ ሲሞላ ወደ 300 ሰው ይይዛል እንበል። በየ6 ደቂቃው አንድ ባቡር ቢመጣ በሰዓት 10 ባቡር ነው፤ በአንድ አቅጣጫ 3,000 ሰው። በየ20 ደቂቃው ከሆነ በሰዓት 3 ባቡር፤ 900 ሰው። ሃዲዱ ያው ነው፣ ጣቢያው ያው ነው፣ የአያት ኮንዶሚኒየም ነዋሪም ያው ነው። 2,100 ሰው ግን መንገድ ላይ ቀረ። እነዚህን 2,100 ሰዎች 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ ለማንሳት በአንድ ሰዓት 175 ሚኒባስ ያስፈልጋል። እነዚያ 175 ሚኒባሶች የሚቆሙት መገናኛ ነው፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ነው፣ ሜክሲኮ ነው። የትራፊክ መጨናነቁ አንዱ ምንጭ እዚህ ጋ አለ።

ልብ በሉ፤ በስሌቱ ውስጥ የሰው ፍላጎት አልተቀነሰም። የቀነሰው የባቡሩ ቁጥር ብቻ ነው። መዝገቡ ላይ ግን «ተሳፋሪ ቀነሰ» ተብሎ ይጻፋል።

ባቡሮቹ ለምን ቀነሱ? ይህ ምስጢር አይደለም፤ በጋዜጣም በቴሌቪዥንም ብዙ ተብሎበታል። መለዋወጫ ከውጭ ይመጣል፤ መለዋወጫ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ አልነበረም። ከ41ዱ ከግማሽ በታች የሚሆኑት ብቻ ሥራ ላይ የነበሩባቸው ጊዜያት አልፈዋል። የባቡር እግር ብረት ነው፤ ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ይበላል። በየጊዜው ይሞረዳል፣ ተሞርዶ ተሞርዶ ሲሳሳ ይለወጣል። ፍሬኑም እንዲሁ። አንዱ ባቡር ሲቆም የእሱን ድርሻ ሌሎቹ ይሸከማሉ፤ የተሸከሙትም ቶሎ ይበላሉ። ገበሬ አንዱ በሬ ሲሞትበት ሌላውን ለብቻው አይጠምደውም። እኛ ግን እንዲያ አድርገናል፤ ይህን ስል በጥገናው ክፍል ሌት ተቀን ደክመው ያለውን ከሌለው እያገጣጠሙ ባቡሩን ያቆዩልንን ልጆች ከልቤ እያመሰገንኩ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት አምስት ጣቢያዎች አንድ ሃዲድ ይጋራሉ፤ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ፣ ልደታ። አንዱ መስመር ላይ መብራት ቢቋረጥ ወይም መኪና ሃዲዱ ላይ ገብቶ ቢቆም መዘግየቱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ሲኤምሲ የቆመችው ሴት የዘገየችበት ምክንያት ምናልባት ንፋስ ስልክ ላይ የተፈጠረ ነገር ነው። እሷ ይህን ልታውቅ አትችልም። የምታውቀው ባቡሩ አለመምጣቱን ነው፤ ማንም ደግሞ መቼ እንደሚመጣ አይነግራትም። ሰው የሚያውቀውን 15 ደቂቃ ይታገሣል፤ የማያውቀው 15 ደቂቃ ግን ያናድደዋል። ጣቢያው ላይ «ቀጣዩ ባቡር ከ12 ደቂቃ በኋላ» የሚል አንድ ሰሌዳ መስቀል ምን ያህል ሰው ከባቡሩ እንዳይሸሽ እንደሚያደርግ አስቡት።

«ዋጋው ቢቀንስ ሰው ይመጣል» የሚሉ አሉ። ዋጋ ለደሃ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባትን ዋሽንግተን ዲሲን ተመልከቱ። እዚያ ኤች ስትሪት በሚባለው ጎዳና እንደ አውሮፓውያን በ2016 የተጀመረ የመንገድ ባቡር ነበር። 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በነጻ ነበር። ሆኖም ከመኪና ጋር አንድ መስመር ይጋራ ነበር። አንድ ሰው መኪናውን አጣሞ ካቆመ ባቡሩ መዞሪያ አልነበረውም፤ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ርቀቱም አጭር ነበር፤ ብዙ ሰው ወደሚሠራበት አያደርስም ነበር። የከተማዋ አስተዳደር በ2025 አገልግሎቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ነጻ መሆኑ አላዳነውም። ያ ባቡር ያጣው፣ የእኛ ደግሞ ያለው ነገር የራስ መንገድ ነው። የመገናኛ መንገድ ጥርቅም ሲል የእኛ ባቡር መሃሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ብዙ ከተሞች ይህን ዛሬ በገንዘብ አያገኙትም።

ኢየሩሳሌም የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ የያፎን ጎዳና እዩት። በ2011 እንደ አውሮፓውያን ባቡሩ ሲጀምር ጎዳናው ለመኪና ተዘግቶ ለባቡሩና ለእግረኛ ተለቀቀ። አንድ ካርድ የያዘ ሰው ከባቡር ወርዶ አውቶቡስ ሲሳፈር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንደገና አይከፍልም። የእኛ ሰው ባቡር ከፍሎ መገናኛ ይወርዳል፣ አጥሩን ዞሮ ይሻገራል፣ እንደገና ይሰለፋል፣ እንደገና ይከፍላል። ቤቱ ከሃዲዱ ርቆ ኮተቤ ወይም ገርጂ ከሆነ ባቡሩን ሳይሞክረው ቢተወው አልፈርድበትም።

ተመራቂዎች፣ ነገ ከእናንተ መካከል አንዱ ያን ወደ ታች የሚወርድ መስመር ይዞ ስብሰባ ፊት ይቆማል። ሲቆም ከጎኑ ሁለተኛ መስመር እንዲኖር እፈልጋለሁ፤ በየጣቢያው ቆመው ያልተሳፈሩ ሰዎች መስመር። ያ ቁጥር ከሌለ ብር የያዘው ሰው «ተሳፋሪ ለሌለው ባቡር ለምን መለዋወጫ እገዛለሁ?» ይላል፤ መልስም አይኖራችሁም። ያ ቁጥር ካለ ግን አንድ የተጠገነ ባቡር ስንት ሰው ወደ ሥራው በሰዓቱ እንደሚያደርስ በብር ተምኖ ማሳየት ይቻላል። ሥራው ከባድ መሣሪያ አይፈልግም። ጠዋት ወደ መሃል ከተማ የሚሄደው ይሞላል፣ ወደ አያት የሚመለሰው ይቀላል፤ ማታ ይገለበጣል። ስለዚህ የት ቆማችሁ መቼ እንደምትቆጥሩ ከወዲሁ ይታወቃል።

ሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጉርድ ሾላ ጣቢያ እገኛለሁ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ። ሁለት ዓምድ እናሰምራለን፤ አንዱ የገባው፣ ሌላው የቀረው። እስከ 3 ሰዓት እንቆጥራለን። መምጣት የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ጃኬት አትርሱ፣ ጠዋት እዚያ ይበርዳል።

አመሰግናለሁ።